ጥበቃው በር ላይ ቆሞ ሲቀር፦ ስለ ልብ ወለድ ሴራ አወጣጥ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 25 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ታሪኩ በከተማው ዳር የአባቱ እርሻ ለኮንዶሚኒየም ስለተወሰደበት ልጅ ነው፤ ኋላ እዚያው መሬት ላይ በተሠራ ብሎክ ጥበቃ ሆኖ ይቀጠራል። በሦስት ደብተር 140 ገጽ ያህል ጽፌ፣ ልክ ልጁ ጥበቃ ሲሆን ቆመብኝ። አንዱ ‹ሙሉ ዕቅድ ሳታወጪ መጀመር አልነበረብሽም› ይለኛል፤ ሌላው ‹ዕቅድ ስሜት ይገድላል› ይለኛል። ሴራ እንዴት ነው የሚወጣው? ስንት ምዕራፍስ ይበቃል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽ የጻፍሽውን ጥያቄ መልሰሽ አንብቢና ግሦቹን እዪ፦ ተወሰደ፣ ተሠራ፣ ይቀጠራል። ሁሉም ተደራጊ ናቸው። ልጁ እስካሁን ያደረገው ነገር የለም፤ የሆነው ሁሉ የሆነው በእሱ ላይ ነው። የቆመብሽም ለዚህ ይመስለኛል። የአባቱን መሬት ለሌላ ሰው የሚጠብቅ ልጅ ኃይለኛ ሥዕል ነው፤ 140ውን ገጽ የጻፍሽው ወደዚያ ሥዕል ለመድረስ ነበር፤ ደረስሽም። ሥዕል ግን አንዴ ከታየ በኋላ ቆሞ ነው የሚቀረው። ልብ ወለድን ወደፊት የሚገፋው ሰውየው የሚወስደው፣ ከወሰደ በኋላም ሊመልሰው የማይችለው ውሳኔ ነው። ውሳኔውን ደግሞ የሚያስጨንቀው ቀን የተቆረጠለት ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ከታሪክሽ ውስጥ ፈልጎ ስለማውጣት ነው።

ስለ ዕቅድ የሰማሻቸው ሁለቱም ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጥቂት ነው፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚወስናቸው አምስት ያህል ውሳኔዎች፣ የመጨረሻው ድርጊትና የታሪኩ ቀን መቁጠሪያ። ንግግሩ፣ ትዕይንቱ በምን እንደሚከፈት፣ በመንገድ የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች፣ እነዚህ ሲጻፍ ይመጣሉ። ለዕቅዱ ሦስት ሳምንት ስጪው። ከዚያ ካለፈ ከመጻፍ መሸሺያ ይሆናል።

በትምህርት ቤት «ሴራ» የተባለውን አንዳንድ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች «ትልም» ይሉታል። አንቺ ላለሽበት አካባቢ ይህ ቃል ሥጋ አለው። ትልም ማረሻ አፈር ላይ የሚያወጣው መስመር ነው። የኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል። ገበሬ አንዴ አርሶ የማይዘራውም ለዚህ ነው፤ ይገምሳል፣ ያይማል፣ ይሰልሳል፣ ማለትም አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ያርሳል፤ ተከታዩን እርሻም የሚያርሰው ያለፈውን አቋርጦ ነው። የልብ ወለድ ትልምም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከታረሰ ያልተነካ መሬት ይቀርበታል።

መጀመሪያ የሚገመሰው ምክንያትና ውጤት ነው። ሦስቱን ደብተር አንብቢና እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ መስመር ጻፊ። አንድ ክልከላ ግን አለ፦ በቦዝ አንቀጽ አትጻፊ። አማርኛ «ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ አይቶ፣ አዝኖ ተመለሰ» ብሎ አምስት ድርጊት በአንድ ትንፋሽ ያስኬዳል። ይህ የቋንቋው ውበት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ሐዘኑ ካየው ነገር የመጣ ይሁን ወይም እንዲሁ ተከትሎት የመጣ አይለይም። ብዙ የጀማሪ ረቂቅ ሲነበብ ውኃ ሆኖ ይፈስና ሲያጠቃልሉት የሚበተነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር እንደ «ተመለሰ» ባለ ማሰሪያ አንቀጽ ዝጊ። ከዚያም በሁለት መስመሮች መካከል ወይ «በዚህ ምክንያት» ወይ «ሆኖም» አስገቢ። ሁለቱም አልገባ ብለው «ከዚያ» ብቻ የሚስማማ ከሆነ መጋጠሚያውን በቀይ አስምሪበት። ከአሥር መጋጠሚያ ሦስቱ ቢቀላ አይክፋሽ። ከግማሽ በላይ ከቀላ ግን በእጅሽ ያለው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ሴራው ገና አልተወለደም።

ምክንያት ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቦታው አሠራር ውስጥ ነው። የከተማ ዳር ታሪክ ትልቁ ሀብቱ ቀን የተቆረጠባቸው ወረቀቶች መብዛታቸው ነው። መጀመሪያ ታሪክሽ የሚፈጸምበትን ዓመት ወስኚ። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በሚሠራበት ዘመን ከሆነ፣ ባለይዞታው መሬቱን የሚያስረክበው ካሳ በተከፈለው በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ መሬቱ ላይ ሰብልም ሌላ ንብረትም ከሌለ ግን ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀን። በቋሚነት ለሚፈናቀል ገበሬ የሚከፈለውም የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን 15፣ መነሻውንም ካለፉት ሦስት ዓመታት የበለጠውን ዓመታዊ ገቢ አደረገው። በሁለቱ ዘመን የሚኖሩ ሁለት አባቶች ስሌታቸው የተለያየ ስለሆነ የሚወስኑትም የተለያየ ነው።

በ455 ዘመን ነው እንበል። አባትየው ነሐሴ ላይ ቀያሾች ችካል ሲተክሉ አዩ። ደብዳቤ ገና አልደረሰም። ጎረቤታቸው ማሳውን ጦም አሳድሮታል። እሳቸው ግን ዝናቡ ሲያባራ በጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራ ዘሩ፤ ለምን እንደዘሩም ለጎረቤት አልነገሩም። በዚህ ምክንያት ጎረቤት በ30 ቀን ሲወጣ እሳቸው 90 ቀን አገኙ። በዚህ ምክንያት ጎረቤት ተቀየመ። በዚህ ምክንያት፣ ዓመታት ቆይቶ ልጆቻቸው በካሳው ገንዘብ ሲጣሉ፣ ክፍያውን በዓይኑ ያየው ብቸኛ ምስክር፣ ያው ጎረቤት፣ «እኔ አላየሁም» አለ። በሕጉ ውስጥ የነበረው የ60 ቀን ልዩነት የአንድ ሰው ዝምታ ሆነ፤ ዝምታውም የሌላ ሰው ክህደት ሆነ። አንድም አጋጣሚ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ቆመብሽ በር እንመለስ። ታላቅ ወንድሙ «የካሳው ብር በንግድ ከሰረ» ብሎ ለቤተሰቡ ነግሯል እንበል። ልጁ ጥበቃ በሆነ በሁለተኛው ወር ያ ወንድም ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ኪራይ ሲቀበል ያየዋል። ቤቱ የ20/80 ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ከተረከበ አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ወንድሙ የያዘው ስመ ሀብት ሳይሆን ከአንዲት አሮጊት የተሰጠውን ውክልና ነው። ውክልና ደግሞ በመሠረቱ ሰጪው ሲሞት ይቋረጣል። አሮጊቷ ይሞታሉ። ልጆቻቸው አንድ ጠዋት በሩ ላይ መጥተው «የእናታችን ቤት የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት ጥበቃውን ነው።

በሩ እዚህ ላይ ሥራ ይጀምራል። ልጁ ጣቱን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቢቀስር ወንድሙን አጠፋ፤ «አላውቅም» ቢል የአባቱ ገንዘብ ሌባ ተባባሪ ሆነ። የመረጠውን በማግስቱ መመለስ አይችልም። ይህ የኔ ምሳሌ ስለሆነ እንዳለ አትውሰጂው፤ የራስሽን ፈልጊ። ፍለጋው ግን ተመሳሳይ ነው፦ ከምታውቂው አካባቢ ቀን፣ ፊርማ፣ ምስክር ወይም ዕጣ ያለበትን አሠራር ያዢ፤ ቀጥሎ «ይህ ሲበላሽ ማን ላይ ይወድቃል? ልጄስ በዚያች ሰዓት የት ቆሟል?» ብለሽ ጠይቂ።

በዚህ መንገድ አምስቱ ውሳኔዎች ይወጣሉ። በምሳሌው፦ እናቱ እየከለከሉት ሥራውን መቀበሉ፣ ወንድሙን አይቶ ዝም ማለቱ፣ ለዝምታው ገንዘብ መቀበሉ፣ ለአሮጊቷ ልጆች የሰጠው መልስ፣ በሽማግሌዎች ፊት የተናገረው። ሦስተኛው ውሳኔ መጽሐፉ መሃል ላይ ይቀመጥ፤ እዚያ ላይ ጥያቄው ይለወጣልና። እስከዚያ አንባቢ «የአባቱን ብር ማን በላ?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ «እሱስ ከበሉት አንዱ አይደለም ወይ?» ይላል። መሃል የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ሳይለወጥ 200 ገጽ ሲጎተት ነው። ያኔ ጸሐፊው ክፍተቱን በአዲስ ሰው፣ በበሽታ ወይም በመኪና አደጋ ይሞላዋል።

ልብ በይ፣ «ፍትሕ ይፈልጋል» የሚል ፍላጎት ትዕይንት አያወጣም። «ከፋሲካ በፊት ያንን የውክልና ወረቀት በዓይኑ ማየት ይፈልጋል» የሚል ያወጣል።

ስለ መጠን በአጭሩ። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች ለአንድ ልብ ወለድ የሚባለውን 80 ሺህና 100 ሺህ ቃል እንዳለ አትቅጂ። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ሆና ነጋሪዋን፣ የሚነገረውን ሰው፣ አሉታውንና ጊዜውን ይዛለች። ለአማርኛ የመጀመሪያ ሥራ 48 ትዕይንት፣ እያንዳንዱ በአማካይ 1,200 ቃል ብትይ 57,600 ቃል ይመጣል፤ በገጽ 250 ቃል ብናስብ 230 የታተመ ገጽ ነው። ምዕራፉ 16 ይሁን 24 ለሴራው ለውጥ የለውም፤ መጨረሻ ላይ ትከፋፍዪዋለሽ። አሁን የራስሽን ቁጠሪ፦ ከደብተሮቹ አምስት ገጽ መርጠሽ ቃሉን ቁጠሪና አማካዩን በ140 አባዢ። በገጽ 130 ቃል ከሆነ 18,200 ነው፤ የመጽሐፉ ሲሶ ማለት ነው። ልጁ ሥራውን የያዘው ሲሶው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። ዘግይቷል። በ12ኛው ትዕይንት ገደማ በሩ ላይ መቆም አለበት።

ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ያቋርጣል፤ የሚታየምበትም መስመር ሰዎቹ ናቸው። ከትልቁ ደብተር ሁለት ገጽ ዘርጊ፤ ወደ ታች ትዕይንቶቹን፣ ወደ ጎን ከአምስት ያልበለጡ ዋና ሰዎችን ጻፊ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው በዚህ ትዕይንት መጨረሻ ምን ያውቃል? ልጁ በ15ኛው ትዕይንት የተናደደበትን ነገር በ19ኛው የሚሰማው ከሆነ ሠንጠረዡ ወዲያው ያጋልጥሻል። ከዚያ የወንድምየውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቢ። በራሱ ዓይን ትክክል መሆን አለበት፤ ምናልባት ያንን ብር ባይሸሽግ ቤተሰቡ በሁለት ዓመት ጨርሶ ይበላው ነበር ብሎ ያምናል፣ ምናልባትም እውነቱን ነው። ዓምዱ ለአሥርና ከዚያ በላይ ትዕይንት ባዶ ከሆነ ባላጋራሽ ጠፍቷል፤ በሌለበትም ቢሆን ሥራው እንዲታይ አድርጊ፤ የላከው መልእክት፣ የተቀየረ ቁልፍ፣ ድንገት የተከፈለ የቤት ኪራይ።

እዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ለአንባቢም አንድ ዓምድ ስጪው። አንባቢ የወንድምየውን ምስጢር ከልጁ ቀድሞ ካወቀ ጭንቀቱ ብዙ ገጽ ይቆያል፤ እኩል ካወቁ ድንጋጤው በአንድ ገጽ ያልፋል። ለዚህ ታሪክ ጭንቀቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም በር ላይ የቆመ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ እያየ የማያውቅ መሆኑ ራሱ ያማል።

ስለ ሽምግልና ትዕይንት ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በረቂቆች ውስጥ እንደ ማጥፊያ ውኃ ሲያገለግል እናየዋለን፦ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ «ተው፣ ይቅር በሉ» ይባላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ 100 ገጽ የተገነባው ጠብ ይበርዳል። ሽምግልና ግን ለሴራ ከሁሉም የበለጠ መሣሪያ ነው። ሁሉም በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ በየተራ፣ በጨዋ አነጋገር፣ ከሚያውቁት ያነሰ እንዲናገሩ የሚገደዱበት ነው። ማን መጀመሪያ ተናገረ? ማን ሲምል ዓይኑን ሰበረ? ሽማግሌ ሆኖ የተጠራውስ ያ የተቀየመ ጎረቤት ቢሆንስ? ትዕይንቱን በእርቅ ብቻ አትዝጊው፤ ቀን በተቆረጠለት ግዴታ ዝጊው፦ «እስከ ሚካኤል ድረስ ሰነዱን አምጣ።» ያ ቀን ቀጣዮቹን ስድስት ትዕይንቶች ይጎትታቸዋል።

ሦስተኛው፣ የሚሰለሰው፣ ጊዜ ነው። 12 ባለ 30 ቀን ወርና ጳጉሜን በአንድ ገጽ ሠርተሽ ትዕይንቶቹን በቀናቸው አስቀምጪ። በመቼት፣ ማለትም በታሪኩ ጊዜና ቦታ፣ የሚታለፍ ስሕተት ሴራንም ያፈርሳል። ጤፍ ሐምሌ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው የሚታጨደው፤ «ሰኔ ላይ አዝመራውን ሰብስበው» ብለሽ ከጻፍሽ የ90 ቀኑ ስሌት ሁሉ ይናዳል። ቤተሰቡ ኦርቶዶክስ ከሆነ የእህትየውን ሠርግ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ውስጥ ልታስገቢው አትችዪም፤ ዶሮ ወጡም የጾም ረቡዕ ላይ ቢውል አንባቢሽ ወዲያው ይነቃል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው መካከል ይዘዋወራል፤ በ2011 ሚያዝያ 20፣ በ2012 ሚያዝያ 11 ነበር። የ2012ቱን ከመረጥሽ ደግሞ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ዘመድ የሚሰበሰብበት የፋሲካ ትዕይንትሽ እንደ ወትሮው ሊሆን አይችልም። ይህ እንቅፋት ብቻ አይደለም፤ ወንድምየው ከቤተሰብ ለመራቅ ማንም የማይጠይቀው ምክንያት ያገኛል። የጥበቃ ፈረቃውንም ጻፊ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የሚሠራ ሰው በቀን የሚመጡ ወራሾችን አያገኝም፤ ፈረቃ የቀየረበት ምክንያት መኖር አለበት፣ ያም ራሱ አንድ ትዕይንት ይሰጥሻል።

ሌላም መወሰን ያለበት ነገር አለ። በዚያ አካባቢ ያለ የገበሬ ቤተሰብ ቤቱ ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል። ከሆነ፣ የአባትየው አማርኛ የተሰባበረ እንዲመስል አታድርጊ፤ በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ አንደበተ ርቱዕ ናቸው፣ በአማርኛሽም እንደዚያው ይምጡ። ቢሮ ሄደው በማይደላቸው ቋንቋ ሲናገሩ ግን ያጥራሉ። ይህ ልዩነት ለምን የተሳሳተ ወረቀት ላይ እንደፈረሙ ማንም ሳያብራራ ሊያሳይ ይችላል።

ለሥራው ካርድ ይሻላል። 12 ሉክ ወረቀት እያንዳንዱን አራት ቦታ ብትቆርጪው 48 ካርድ ይወጣሻል። በእርሳስ አራት መስመር ብቻ፦ ቀንና ቦታ፤ ማን ምን ፈለገ፤ ማን ወይም ምን ከለከለው፤ ሲያልቅ ምን ተለወጠ። አራተኛው መስመር ባዶ የሚቀርበት ካርድ ትዕይንት አይደለም፤ ከጎረቤቱ ካርድ ጋር አዋሕጂው ወይም አውጪው። አምስተኛ መስመር ካስፈለገሽ ደግሞ ትዕይንቱን ራሱን መጻፍ ጀምረሻል፤ እርሳሱን አስቀምጪ። ወንድምየው ያለበትን ካርድ ጥግ በቀይ ቀቢ፣ እናትየው ያሉበትን በሰማያዊ። ምንጣፍ ላይ ዘርግተሽ ቁመሽ ስታዪው ማን የት እንደጠፋ ከላይ ይታያል።

ሲዘረጋ ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድምፅ ስለሚያሳልፍ ምስጢርን በጆሮ ማስገባት ያጓጓል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሚበት፣ ያም ችግር ለመፍጠር ይሁን እንጂ ችግር ለመፍታት አይሁን። ትልቅ ዜና በስልክ አታምጪ፤ ነጋሪውን በሩ ድረስ አስመጪው፣ ምክንያቱም ሰው በአካል ሲመጣ የሚደብቀው ፊት ይኖረዋል። መጨረሻውም ልጁ በሚሠራው ድርጊት ይሁን፤ መጽሐፉ የሚያበቃው በአባትየው ሞት ከሆነ የወሰነው ልጁ አይደለም።

ካርዶቹ ሲሞሉ ደብተሮቹን መሳቢያ ውስጥ አስገቢና ከ13ኛው ትዕይንት ጀምረሽ ወደፊት ጻፊ። ወደ 140ው ገጽ የምትመለሺው የመጨረሻውን ትዕይንት ከጻፍሽ በኋላ ነው፤ የትኛው በሬ፣ የትኛው ችካል፣ የትኛው የሽምብራ ማሳ እንደሚያስፈልግሽ የሚታወቀው ያኔ ነው። የማያስፈልገውን ስትቆርጪም ደብተሩን አትቅደጂ፤ መስመሩን ብቻ ሰርዢ፤ ከተሰረዘው ውስጥ ሁለተኛው እርማት ላይ ተመልሶ የሚፈለግ አይጠፋም።